የመኪናችሁ ሆድ ይሸፈን

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከቤተልም ሆነ ከአየር ጤና ዋና መንገድ ወጥቶ ወደ ውስጥ ሰፈር ለሚነዳ ሰው ያፈጠጠ ድንጋይ ብርቅ አይደለም። ታዲያ መኪና ስንገዛ ቀለሙንና ጎማውን አገላብጠን እያየን፣ ጎንበስ ብለን ሆዱን የማናየው ለምንድን ነው?

ከሥር ለምት ከሚጋለጡት አንዱ የሞተር ዘይት የሚይዘው ኮፓ ነው። ኮፓው ከተቀደደ ዘይቱ ይፈሳል። የዘይት መብራት በርቶ እያየ መንዳቱን የቀጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩን ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል።

መከላከያው ላሜራ ነው። ብረት ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት የተለመደ ነው፤ አሉሚኒየም ይቀላል፣ ግን ወፈር ማለት አለበት። ላሜራው ኮፓው ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ፣ በብየዳ ሳይሆን በብሎን ይታሰር። ኮፓውን ከነካ ምቱን ያስተላልፋልና ክፍተት ይተውለት። የዘይት ማፍሰሻና የአየር ቀዳዳም ይኑረው። በኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ፣ ላሜራ ለማሰር ብሎ የባትሪውን ሳጥን የሚበሳ ባለሙያ አታስጠጉ።

የተማርኩት ሕግ ነውና አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። ብሎኑ ላልቶ ላሜራው ቢወድቅና ሰው ቢጎዳ፣ «ያሰረው ጋራዡ ነው» ማለት ለተጎጂው መልስ አይሆንም። ስለዚህ ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ብሎኑን አስጠብቁ።