በመተከል ሠፈራ የአረጋውያን ጓዝና ቀለብ

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያጠቃቸው የወሎና የሌሎች አገሮች ገበሬዎች ወደ መተከል፣ የጉሙዝ ሕዝብ ወደሚኖርበት ወደ ፓዌ እንደ ተወሰዱ የታወቀ ነው። ስፍራው ዛሬ ዋና ከተማው አሶሳ በሆነው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ይገኛል። ሽማግሌና ባልቴት ከቀዬአቸው ሲነሡ ወፍጮው፣ ጎተራውና በሬው ሁሉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ኑሮአቸው ከሩቅ በሚመጣ ቀለብ ላይ ይንጠለጠላል። በ1978 ዓ.ም. በኢጣልያ እርዳታ የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት በትራክተር ያሳርስ ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ ወዲያ ሥራው ሲቋረጥ ብዙ ሰፋሪ ወደ መጣበት ተመለሰ። መንገድ የማይችል ደካማ ግን ለመመለስ ጉልበት፣ ለመቆየትም ስንቅ ያጥረዋል። እንግዲህ የሠፈራ ታሪክ ሲጻፍ የተጓዡ ቍጥር ብቻ ሳይሆን፣ ቀለቡ በቆመ ጊዜ ማን እንደ ቀረም ሊመረመር ይገባል።