ቤት ሲገዛ የጠበቃው ሥራ ከቀብድ በፊት ይጀምራል

የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልባት የንግድ ከተማ ቡሬ፣ ወይም የዓባይ መነሻ በሚገኝባት የሰከላ ወረዳ ዋና ከተማ ግሽ ዓባይ ቤት መግዛት የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ጥሪት በአንድ ቀን ፊርማ የሚወጣበት ጉዳይ ነው። አርሶ አደሩ ከእህልና ከከብት ሽያጭ ያጠራቀመውን፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ የቆጠበውን፣ በውጭ አገር የሚኖረው ወገንም ለቤተሰቡ የላከውን ገንዘብ የሚያሳርፈው በዚሁ ነው። በውሉ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ፣ ስም ለማዛወር ማዘጋጃ ቤት ሲኬድ ነው።

በኢትዮጵያ የቤት ሽያጭን ብቻ የሚያስፈጽም ራሱን የቻለ የሕግ ሙያ የለም። በእንግሊዝ ቤት የሚገዛ ሰው ለዚሁ ሥራ ፈቃድ ያለው ባለሙያ የሚቀጥር ሲሆን፣ ባለሙያው መዝገቡን ይመረምራል፣ ገንዘቡን በአደራ ሒሳብ ይይዛል፣ የገዢው ስም በመሬት መዝገብ እስኪገባ ድረስም ይከታተላል። የመዝገቡን ትክክለኛነት መንግሥት ዋስ ይሆንለታል። በኢትዮጵያ ይኸው ሥራ ለብዙ ሰዎች ተከፋፍሏል። ደላላው ሻጭና ገዢን ያገናኛል፤ ራፖር ጸሐፊው ውሉን ያዘጋጃል፤ በተለምዶ ውልና ማስረጃ የሚባለው አካል ፊርማውን ያረጋግጣል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ስሙን ያዛውራል። ከእነዚህ መካከል ለገዢው ጥቅም ብቻ የቆመ ማንም ባለመኖሩ ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ገዢው ራሱ የሚቀጥረው ጠበቃ ነው።

በቅድሚያ የሚሸጠው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። በ1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጓል። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው በቦታው ላይ ያረፈውን ቤትና ከእሱ ጋር የሚተላለፈውን የመጠቀም መብት እንጂ መሬቱን አይደለም። በከተሞቹ ዳርቻ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚመነጨው ይህን ካለመለየት ነው። የገጠር ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ያለው አርሶ አደር መሬቱን ማከራየት፣ ማውረስና በሕጉ መሠረት በስጦታ ማስተላለፍ ይችላል፤ ሊሸጠው ግን አይችልም። የእርሻ ማሳ ተሸንሽኖ «የቤት መሥሪያ» ተብሎ ሲሸጥ፣ ወይም ያለ ፈቃድ በሌሊት የቆመ የጨረቃ ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ውሉ በምን ያህል ምስክር ፊት ቢፈረም ሕጋዊ አያደርገውም። የቀበሌ ቤት ተከራይም የኪራይ መብቱን እንደ ባለቤት ሊሸጥ አይችልም።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ ፈራሽ እንደሆነ ይደነግጋል። አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት መደረግና መመዝገብ እንዳለበት ያስገነዝባል። በአገር ቤት ልማድ በሽማግሌዎች ፊት ተጽፎ በምስክሮች የተፈረመ ወረቀት እንደ ሙሉ ውል የሚቆጠር ቢሆንም፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም በመዝገብ ቁጥር 21448 ምዝገባው ግዴታ መሆኑን ወስኗል። በሌሎች ክርክሮች ችሎቱ ሻጭ ውሉን ያልካደ መሆኑን ተመልክቶ ጉዳዩን በተለየ መንገድ ያየበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ በሻጭ ቅንነት ተማምኖ ሳያስመዘግቡ መቅረት፣ በተለይም ሻጭ ሞቶ ወራሾች በሚቀርቡበት ጊዜ፣ ገዢውን ለረጅም ክርክር ይዳርገዋል።

የጠበቃው ዋና ሥራ ውል መጻፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ከውሉ የሚበልጠው ከውሉ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው። ሻጩ በእጁ የያዘው ካርታ ብቻውን አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት የባለቤትነት ማረጋገጫ የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት እንደሆነ ይገመታል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ግን ይህ ግምት በምን ምክንያት ሊፈርስ እንደሚችል ይዘረዝራል። በመሆኑም ጠበቃው በማዘጋጃ ቤት የሚገኘውን የይዞታ ማኅደር ከሻጩ ቅጂ ጋር ማመሳከር፣ ቤቱ በባንክ መያዣነት የተያዘ ወይም በፍርድ ቤት የታገደ አለመሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ፣ የቦታውን ስፋትም በቦታው ተገኝቶ ከካርታው ጋር ማነጻጸር ይኖርበታል። አጎራባቾችን ማነጋገርም ከዚሁ ይቆጠራል። የድንበር ክርክር ወይም ያልተካፈለ ወራሽ መኖሩን ከማኅደሩ ይልቅ ጎረቤት ቀድሞ የሚናገርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖሩና ግንባታው የደረሰበት ደረጃ ይጣራል። በ2004 ዓ.ም የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታ ሳይጀመር ወይም ግማሹ ሳይጠናቀቅ የሊዝ መብት በሚተላለፍበት ጊዜ ላይ ገደብ ያደረገ ሲሆን፣ ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ገዢው ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንደሚይዝም ደንግጓል። ከሽያጩ ዋጋ ውጪ ምን ያህል ክፍያ እንደሚጠብቀው ገዢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ሻጩ ማን እንደሆነ መጠየቅም የዚያኑ ያህል ክብደት አለው። ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ቤቱ የግሉ ነው ማለት አይደለም፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ቤት ያለ ሚስት ስምምነት ቢሸጥ ሽያጩ እንዲፈርስ ክስ ሊቀርብ ይችላል። ቤቱ በውርስ የተገኘ ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫው የሁሉንም ወራሾች ስም መያዙና ሁሉም መፈረማቸው ይታያል። ሻጩ ወኪል ከሆነ በአንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል፤ «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ወካዩ በሕይወት መኖሩና ውክልናው አለመሻሩም እስከ ፊርማው ዕለት ድረስ መጣራት አለበት።

ቀብድ የሚከፈለው ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። በተግባር ግን ደላላው «ሌላ ገዢ ይዞብሃል» እያለ ስለሚያጣድፍ ቀብዱ ከምርመራው ይቀድማል። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ ሲሆን፣ በአንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ሲያፈርስ ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል። የግድ ቀብድ መስጠት ካስፈለገ ጠበቃው በቀብዱ ወረቀት ላይ ዕዳና እገዳ ከተገኘ ገንዘቡ ሳይቀነስ እንዲመለስ የሚል ቃል ያስገባል።

በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ መጻፍ የተለመደ ሌላ አደጋ ነው። ግብርና የቴምብር ቀረጥ ለመቀነስ የሚደረገው ይህ ድርጊት በሕግ የሚያስጠይቅ ከመሆኑም በላይ፣ ሽያጩ ቢፈርስ ገዢው በጽሑፍ ከሰፈረው በላይ መክፈሉን የሚያስረዳበት መንገድ ያጣል። ክፍያው በባንክ በኩል ቢፈጸምና የዋጋው ከፊል ስም እስኪዛወር ቢቆይ ይመረጣል። በውልና ማስረጃ መፈረም የሂደቱ መጨረሻ አይደለምና፤ በአንቀጽ 2878 መሠረት ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልገባ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት አይኖረውም። ስም ሳይዛወር በመሐል የሻጭ ባለገንዘብ (አበዳሪ) ቤቱን ቢያሳግድ ጉዳቱ የገዢው ነው።

ጠበቃ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ የጸና የጥብቅና ፈቃድ አለው ወይ የሚል ነው። ራፖር ጸሐፊ ጠበቃ አይደለም፤ ንጹሕ ጽሕፈት ቢኖረውም ማኅደር የመመርመር ኃላፊነት አይወስድም። ሁለተኛው የሻጭ ወይም የደላላው ወዳጅ አለመሆኑ ነው። ለሁለቱም ወገን «አንድ ጠበቃ ይበቃል» የሚለው ሐሳብ ወጪ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ ክርክር በሚነሳበት ቀን ገዢውን ብቻውን ያስቀረዋል። በከተማው የቤት ጉዳዮችን የያዘ፣ የማዘጋጃ ቤቱን አሠራር የሚያውቅ ጠበቃ ከሩቅ ከሚመጣ ስመ ጥር ሰው ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

የአገልግሎት ክፍያው በስምምነት ስለሚወሰን ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መስፈር አለበት። በስምምነቱ ጠበቃው ማኅደሩን መመርመሩን፣ ውሉን ማዘጋጀቱን፣ በፊርማው ዕለት መገኘቱንና ስም እስኪዛወር መከታተሉን ለይቶ መጻፍ በኋላ «ይህ የእኔ ሥራ አልነበረም» ከሚል ክርክር ያድናል። ገዢውም በበኩሉ ዋና ሰነዶችን ለጠበቃው አስረክቦ የሚቀመጥ ሳይሆን የእያንዳንዱን ቅጂ በእጁ ይይዛል፤ ለቤቱ ዋጋ የሚሆነውን ገንዘብ ደግሞ ለጠበቃውም ሆነ ለደላላው ሳይሰጥ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሒሳብ ያስገባል።

በውጭ አገር ሆኖ ለሚገዛ ሰው ወኪሉና ጠበቃው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል። ውክልናው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ተሰጥቶ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ፣ የሚገዛውን ቤት አድራሻና የዋጋውን ጣሪያ ጠቅሶ ቢወሰን ወንድም ለወንድም በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ከሚነሳ ቅሬታ ይጠብቃል። ጠበቃው የማኅደር ምርመራውን ውጤት በቀጥታ ለገዢው በጽሑፍ እንዲልክ፣ ወኪሉም ያ ደብዳቤ ሳይደርስ እንዳይፈርም በውክልናው ላይ ማስፈር ይቻላል።