ከጦርነት በኋላ የሚከሰት የአእምሮ ሕመም፦ ምልክቶቹና ሕክምናው

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች የተካሄደው ጦርነት ከአካል ጉዳትና ከንብረት ውድመት ባሻገር በብዙዎች ላይ የአእምሮ ጉዳት አድርሷል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ግጭት በደረሰባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ 5 ሰዎች 1 ሰው የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም ከነዚህ ችግሮች አንዱ ነው።

ምልክቶች
• የደረሰው ነገር በሕልምም በእውንም መመላለስ፤
• ክስተቱን ከሚያስታውሱ ቦታዎችና ሰዎች መሸሽ፤
• በትንሽ ድምፅ መደንገጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጡነት፤
• ራስን መውቀስ፤
• በሕፃናት ላይ፦ አልጋ ላይ መሽናት፣ ከወላጅ ለመለየት መፍራት።

ወደ ሕክምና መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?
በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እነዚህ ስሜቶች የሚጠበቁ ሲሆኑ፣ በአብዛኛው ሰው ላይ እየቀነሱ ይሄዳሉ። ከ1 ወር በላይ ቆይተው ሥራንና ኑሮን ካወኩ ግን በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ብቻውን ሳይተው በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። የፆታ ጥቃት የደረሰበት ሰው በ72 ሰዓታት ውስጥ ከደረሰ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል፤ ጊዜው ቢያልፍም ሌላው ሕክምናና የምክር አገልግሎት አይቀርበትም።

ሕክምናው
ዋናው ሕክምና በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ነው፤ እንደ አስፈላጊነቱም መድኃኒት ይታዘዛል። ታካሚው ያልፈለገውን እንዲናገር አይገደድም። ጸበል ወይም ዱዓ የሚከታተል ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት ማቋረጥ የለበትም። ቤተሰብ «እርሳው» ከማለት ይልቅ በትዕግሥት ቢያዳምጥና ወደ ሕክምና አብሮ ቢሄድ ለማገገም ይረዳል።