የማኅበሩ ሠራተኞችና የጎንደር አውቶቡሶች

ከዚህ ከሐረር ርቄ ጎንደርን የማነሣው፣ ሰብአዊ መብት አስከባሪዎች የሚገጥማቸውን ከባድ ምርጫ ስለሚያሳይ ነው። ግሬነም በርገር እ.ኤ.አ. በ1974 የመሠረቱት የኢትዮጵያ አይሁዶች የአሜሪካ ማኅበር፣ በ1982 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሱዛን ፖላክ የሚመራ ጽሕፈት ቤት ነበረው። ጦርነቱ መንገዱን ሳይዘጋው ሠራተኞቹ አውቶቡስ እየተከራዩ ቤተ እስራኤላውያንን ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ አመጡ። በሺዎች የሚቆጠሩት በጠባብ የኪራይ ቤቶች ተጨናነቁ፤ በበሽታ ያለቁም ነበሩ። ሌሎች የአይሁድ ድርጅቶች ማኅበሩን ያለ ዝግጅት ተጣድፏል ብለው ወቀሱት፤ ወቀሳውም፣ እንደ እኔ አመለካከት፣ ከንቱ አልነበረም። ሆኖም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ወደ እስራኤል የበረሩት አስቀድመው አዲስ አበባ ስለ ደረሱ ነው። ቋራ የነበሩት ግን ቀሩ።