ጤፍ የሚያክለው ምስክር

ዜና መዋዕል ሳነብ ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ንጉሡ የት እንደዘመተ፣ ማንን እንደሾመ በዝርዝር ይጻፋል፤ ዝናብ የቀረበት ዓመት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ሁለት መስመር ይታለፋል። የሺህ ዓመታትን ድርቅ ማወቅ የፈለገ ሰው ብራናውን ትቶ ወደ ሐይቅ ጭቃ መውረድ አለበት።

እዚያ ኦስትራኮድ የሚባል ፍጥረት አለ። የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ነው፤ አብዛኛው ከጤፍ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። እንደ ባቄላ ክክ ግራና ቀኝ በሚገጥም ቅርፊት ውስጥ ይኖራል። ሲያድግ ቅርፊቱ ይጠበውና ይጥለዋል፤ ከዚያ ከሚኖርበት ውሃ ካልሲየም ወስዶ አዲስ ይሠራል። ጎልማሳ እስኪሆን ስምንት ጊዜ ያህል እንዲህ ያደርጋል። የጣለው ታች ጭቃው ውስጥ ይቀበራል።

ቁም ነገሩ «ከሚኖርበት ውሃ» የምትለዋ ናት። ውሃ ሲተን ቀላሉ ኦክስጅን ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ይቀራል። ስለዚህ መውጫ የሌለው ሐይቅ በጎደለ ቁጥር በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ከባድ ኦክስጅን ይበዛል። ዝርያውም ራሱ ይናገራል፤ ጨው የሚችል አለ፣ የማይችል አለ። ተመራማሪዎች ቱቦ ሰድደው ጭቃውን እንደ ዓምድ ያወጡታል፣ በወንፊት ያጥቡታል፣ ከዚያ ቅርፊቶቹን በማይክሮስኮፕ እያዩ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ምስር መልቀም የሚሰለቻችሁ ይህን አትሞክሩት።

ግን ልብ በሉ፤ ቅርፊቱ የሚመሰክረው ስለ ሐይቁ ነው እንጂ ስለ ሰማዩ አይደለም። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ከ10,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን አንድ ሐይቅ የሆኑበት ጊዜ ነበር። ውሃው ከዛሬው የሻላ ወለል ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ፣ ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት ወርዶ እንደገና ሞላ። ይህን ከጥንቱ ዳርቻ ደለልና ዲያቶም ከሚባሉ ደቂቅ አልጌዎች ጭምር እናውቃለን። ያኔ ፓምፕ ስላልነበረ «ሐይቁ ጎደለ» ማለት «ዝናብ ጠፋ» ማለት ነው ብሎ መደምደም ብዙም አያስቸግርም።

ዛሬስ? አቢጃታ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለትን ውሃ ይጠብቃል። ያ ውሃ ግን መንገድ ላይ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከራሱ ከአቢጃታም ለሶዳ አሽ ሲቀዳ ቆይቷል። ሐይቁ በወላጆቻችን ዕድሜ እጅግ ሸሸ፣ ጨውነቱም ጨመረ። በዚህ ውሃ የሚሠራ ቅርፊት «ከባድ ድርቅ ነበር» ብሎ ይመሰክራል። ከ1,000 ዓመት በኋላ የሚቆፍረው ሰው አጠገቡ የፕላስቲክ ብጣሽ ካገኘ ምናልባት ይጠረጥር ይሆናል።

በተቃራኒው ደግሞ ጭቃው የሚዘላቸው ነገሮች አሉ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረውን ክፉ ቀን ውሰዱ። ዝናብ መጥፋቱ እውነት ነው፤ ግን የገበሬውን በሬ የጨረሰው ከውጭ የገባው ደስታ የተባለ የከብት በሽታ ነበር። በሬ ያለቀበት ገበሬ ዝናብ ቢመጣስ በምን ያርሳል? ይህን ደግሞ ኦስትራኮዱ አላየም፤ ያዩት የተራቡት ሰዎች ናቸው።