እንግዳው ምን ይበላል? ከመስታወት ገንዳ እስከ ሐይቅ

እስቲ አስቡት። ደሴ ቤታችሁ ውስጥ የመስታወት ገንዳ አላችሁ፤ ጨዋማ የባሕር ውሃ የተሞላ። ጥቂት ቀንድ አውጣ፣ ሁለት ሸርጣን፣ ጥቂት ትንንሽ ዓሣ ይኖሩበታል። አንድ ወዳጃችሁ ጣት የምታህል፣ ባለ ብዙ ቀለም ፍጥረት አምጥቶ ገንዳው ውስጥ ይጨምርላችኋል። ማንቲስ ሽሪምፕ ትባላለች፤ የሸርጣን ዘመድ ናት፤ በቀይ ባሕርም ትገኛለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስታዩ የቀንድ አውጣዎቹ ቅርፊት ተሰባብሯል፣ ሸርጣኖቹም የሉም።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። አንዳንዶቹ የማንቲስ ሽሪምፕ ዝርያዎች እንደ መዶሻ የሆነውን የፊት እግራቸውን በሰከንድ እስከ 23 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወነጭፉታል። ቅርፊት ሰብሮ መብላት ኑሯቸው ነው። ለዚህ ነው የሚያውቁ አርቢዎች ለብቻዋ የሚያኖሯት፤ የምትደበቅበት የድንጋይ ዋሻ ሰጥተው፣ ቀንድ አውጣና የሸርጣን ቁራጭ እያበሉ። ማንኛውም አርቢ አዲስ እንግዳ ከማስገባቱ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ እንግዳ ምን ይበላል?

ቤት ውስጥ ብትሳሳቱ ገንዳውን አጥባችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። ገንዳው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንስ?

እንዲህ ያለ ገንዳ ሩቅ አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ ደሴን ካለፋችሁ በኋላ፣ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ታገኙታላችሁ፤ ሐይቅ፣ በሌላ ስሙ ሎጎ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ደግሞ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይህን ስሰማ ቶሎ የሚታየኝ መፍሰሻ የሌለው ሮቶ ነው፦ ውሃው በትነት ይሄዳል፣ የገባው ነገር ግን እዚያው ይጠራቀማል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የሐይቅ ውሃ ምን ያህል ጥርት እንዳለ ለማወቅ ሳይንቲስቶች ቀላል መሣሪያ አላቸው፤ በገመድ የታሰረ ክብ ሳህን። ወደ ውሃው ያወርዱታል፣ ከዓይን ሲሰወር ገመዱን ይለካሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ በሐይቅ ላይ ሳህኑ እስከ 9 ሜትር ግድም ድረስ ይታይ ነበር። ከሦስት ፎቅ አናት ላይ ሆናችሁ መሬት ላይ የወደቀ ሳህን እንደማየት ማለት ነው።

ይህን ጥራት ይጠብቁ ከነበሩት መካከል በዓይን እምብዛም የማይታዩ ሠራተኞች ነበሩ። ዳፍኒያና መሰሎቿ፣ የውሃ ቁንጫ ልንላቸው የምንችላቸው፣ የማንቲስ ሽሪምፕ የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ትልልቆቹ እንኳ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ሥራቸው ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ዋቅላሚ ቀን ከሌሊት እያጣሩ መብላት ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሐይቁ ውስጥ ተጨመረ። ሐሳቡ መልካም ነበር። በ1973 የወሎ ሕዝብ በረሃብ ያለቀበት ጊዜ ገና ከትዝታ አልወጣም፤ ዓሣ ደግሞ ምግብ ነው። ተሳክቷልም፤ ቆሮሶው ተራብቶ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል።

ግን እንግዳው ምን ይበላል? ትልቁ ቆሮሶ ዋቅላሚም ይበላል። ጫጩቶቹ ግን የውሃ ቁንጫን ይወዳሉ፤ ትልቅና ዝግተኛ ስለሆነች በቀላሉ ትያዛለች። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ በ1992 ባሳተሙት ጥናት ሐይቁ መለወጡን አሳዩ፦ ዋቅላሚው በዝቷል፣ ውሃው ደፍርሷል። ሳህኑ ከዓይን የሚሰወረው ሁለት ሜትር እንኳ ሳይወርድ ሆነ። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ዓሣው ቁንጫዋን በላ፤ ቁንጫዋ ስትጠፋ ዋቅላሚውን የሚያጣራ ታጣ፤ ዋቅላሚው ሲበዛ ውሃው አረንጓዴ ሆነ።

ሁሉን ነገር በቆሮሶ ላይ ማላከክ ግን ልክ አይደለም። ከተራቆተ ኮረብታ የሚታጠበው አፈር፣ የማዳበሪያውና የሳሙናው ፍሳሽ ለዋቅላሚው ቀለብ ይሆናሉ። መፍሰሻ የሌለውን ሮቶ አስታውሱ፤ ዛሬ የገባው ነገ አይወጣም። አጣሪውም ጠፍቶ ቀለቡም ከበዛ ውሃው እንዴት ይጥራ?

ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁን ያጠኑ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ዳፍኒያን እንደገና አገኟት። ሐይቅ የሞተ ገንዳ አይደለም፤ የሚበላና የሚበላው ቁጥር ሲለዋወጥ እሱም ይለወጣል። ዓሣ አጥማጁም ሳይራብ፣ ውሃውም ሳይበላሽ እንዴት ይኖራሉ? ይህን የሚመልስ ሰው ሐይቁን በየጊዜው መለካት አለበት፤ ምናልባት ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ይሆናል።

እስከዚያው አንድ አደራ አለኝ። ቤት ያሳደጋችሁት ዓሣ ሲሰለቻችሁ "ነፃ ላውጣው" ብላችሁ ሐይቅ ወይም አርዲቦ ውስጥ እንዳትለቁት። ለሚቀበለው ሰው ስጡት። ቤት ውስጥ የተሳሳተ ሰው ገንዳውን ያጥባል፤ ሐይቅን ግን ማንም አጥቦ እንደገና አይሞላውም።