የብስክሌት ኮምፒዩተር በቤት ውስጥ ልምምድ

የብስክሌት ኮምፒዩተር ፍጥነትን፣ የተጓዙበትን ርቀትና ጊዜን አስልቶ የሚያሳይ፣ በብስክሌት መሪ ላይ የሚታሰር አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ብስክሌቱ በቤት ውስጥ መለማመጃ ላይ ቆሞ ሲነዳ የመሣሪያው አገጣጠምም ሆነ የቁጥሮቹ ትርጉም ከመንገዱ ይለያል።

አሠራር

በቀላሉ ዓይነት ላይ ማግኔት ከጎማው ሽቦዎች በአንዱ ላይ፣ ሴንሰሩ ደግሞ ጎማውን በያዘው የብስክሌቱ አካል ላይ ይታሰራል። ማግኔቱ በሴንሰሩ አጠገብ ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ይቆጠራል። ኮምፒዩተሩ የዙሩን ብዛት በጎማው ዙሪያ ርዝመት በማባዛት ርቀትን፣ ርቀቱን ለጊዜ በማካፈል ፍጥነትን ያገኛል። ለምሳሌ ዙሪያው 2.05 ሜትር የሆነ ጎማ በደቂቃ 200 ጊዜ ቢዞር ፍጥነቱ በሰዓት 24.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አገጣጠም

* የኋላ ጎማ በሚያዝበት መለማመጃ ላይ የፊት ጎማ ስለማይዞር ማግኔቱና ሴንሰሩ ወደ ኋላ ጎማ ይዛወራሉ። ለፊት ጎማ የተሠራ ባለገመድ ኮምፒዩተር ገመዱ ላይደርስ ስለሚችል ረጅም ገመድ ያለው ወይም ገመድ አልባ ይመረጣል።
* ማግኔቱና ሴንሰሩ ሳይነካኩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ትይዩ መሆን አለባቸው። ጎማው በእጅ ሲዞር ቁጥር ካልታየ ክፍተቱ ይስተካከላል።
* የጎማውን ዙሪያ ለማወቅ ጎማውና ወለሉ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ብስክሌቱ አንድ ሙሉ ዙር ተገፍቶ ርቀቱ በሚሊ ሜትር ይለካል። ለ2,050 ሚሊ ሜትር ጎማ 2,096 ቢሞላ ፍጥነቱም ርቀቱም 2 በመቶ ገደማ በልጦ ይታያል።
* በጂፒኤስ ብቻ የሚሠራ ኮምፒዩተር ቦታ ስለማይቀየር ፍጥነትን ዜሮ ያሳያል፤ ተጨማሪ ሴንሰር ያስፈልገዋል።
* የኋላ ጎማ ተፈቶ የሚገጠምበት መለማመጃ ብዙውን ጊዜ መረጃውን ራሱ በብሉቱዝ ይልካል።

የቁጥሮቹ ትርጉም

በቆመ ብስክሌት ላይ የሚታየው ፍጥነት የጎማው መሽከርከር እንጂ የጉዞ ፍጥነት አይደለም። የፊት ነፋስም ሆነ ዳገት የለም፤ መለማመጃው ጎማውን የሚጫንበት ኃይል ሲቀየር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቀላልም ከባድም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምምድን ለማነጻጸር በዋት የሚለካ ኃይል፣ የልብ ምት ወይም በደቂቃ የሚመታው የፔዳል ዙር የተሻለ መለኪያ ነው።

በከፍታ ቦታዎች

ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኙት የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። በመንገድ ላይ ሳሳ ያለው አየር ብስክሌተኛውን እምብዛም ስለማይገታው ለፍጥነት ይረዳል፤ በሌላ በኩል ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ኃይል ይጎድላል። በማግኔት በሚሠራ መለማመጃ ላይ የሚቀረው ጉዳቱ ብቻ ነው። በመሆኑም በሞጣ ቤት ውስጥ የተመዘገበ ቁጥር በሞጣና በቢቸና መካከል በመንገድ ከተመዘገበው፣ ወይም በቆላ ከተመዘገበው ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም።

የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ተሳትፈዋል። ሌላዋ የከፍታ ከተማ መቀሌ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የጽጋቡ ግርማይ የትውልድ ከተማ ናት።